የካርዱ ነጥብ 94 ነው፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ

የአንባቢያችን ደብዳቤ፣ አጠር ተደርጎ፦

«በአንድ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ድርጅት ውስጥ በአማካሪነት መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። በቅርቡ ኃላፊያችን እኔንና ሁለት ባልደረቦቼን ጠርተው የታካሚ ካርዶችን ጥራት እንድንገመግም መደቡን። 60 ካርድ፣ 32 ጥያቄ ያለው ቼክሊስትና አንድ ወር ሰጡን። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። አብዛኛው ካርድ ከ90 በላይ እያገኘ ነው። እኔ ግን አንብቤ ስጨርስ ታካሚው ተሽሎት ይሁን ብሶበት አይገባኝም። ሥራውን ያስተማረኝ፣ እንደ ታላቅ ወንድም የማየው ባልደረባዬ የሚከታተላት አንዲት ታካሚ አለች፤ ካርዷ 94 አገኘ። ውስጡን ሳየው የ11 ሳምንት ማስታወሻ ቃል በቃል አንድ ነው። በመሀል የድብርት መጠይቅ ሞልታለች፤ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ 2 ብላለች። ስለ እሱ የተጻፈ አንድም ቃል የለም። ለኃላፊዬ ‹ክፍተት አለ› ብዬ ብነግራቸው ‹እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት የጎደለውን አስሞሉት› አሉኝ። ሳባቂ መባል አልፈልግም፤ ዝም ማለትም አልቻልኩም። ምን ላድርግ? ደግሞስ ካርድ በትክክል የሚገመገመው እንዴት ነው?»

እህቴ፣

ብዙ ነገር ጠይቀሻል። እኔ ግን ካልጠየቅሽኝ ልጀምር፦ ያቺ ታካሚ ዛሬ እንዴት ናት?

የሞላችው መጠይቅ ፒኤችኪው-9 እንደሆነ ከገለጻሽ ተረድቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕክምናው ዓለም የቀረበ፣ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 የሚሞላ፣ ድምሩ እስከ 27 የሚደርስ መጠይቅ ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ «ብሞት ይሻለኛል» ወይም «ራሴን ብጎዳ» የሚል ሐሳብ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል። 2 ማለት «ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት» ማለት ነው። አንድ ሰው 2 ስለሞላ ብቻ ራሱን ያጠፋል አይባልም። ግን በዚያው ቀን ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል፦ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው? መንገድ አስበሻል? በእጅሽ የሚገኝ ነገር አለ? እስካሁን ያቆየሽ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ድምሩ ነው። የአንድ ሰው ድምር 8 ሊሆንና «መለስተኛ» ተብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ከ8ቱ ውስጥ 2ቱ ግን ከዘጠነኛው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

መጠይቁ የትኛው ሳምንት ላይ እንደተሞላ አልነገርሽኝም። ትናንትም ይሁን ከሁለት ወር በፊት፣ የግምገማው ሪፖርት እስኪያልቅ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ለሚከታተላት ባልደረባሽ ንገሪው፤ እሱ ከሌለ ለሱፐርቫይዘራችሁ ወይም ለተረኛው። ይደወልላት፤ ትጠየቅ። አሁን አደጋ ላይ ከሆነች ወደ ድንገተኛ ሕክምና የምትደርስበት መንገድ ወዲያው ይመቻች። ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደነገርሽ በዛሬ ቀን ጻፊ። ምናልባት ባልደረባሽ በጊዜው ጠይቋት ጥሩ መልስ አግኝቶ ሳይጽፈው ቀርቶ ይሆናል። ይሄ ሊሆን ይችላል። ካርዱ ግን ይህን ሊነግረን አልቻለም፤ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው።

አሁን ወደ 94ቱ እንምጣ። ከ32 ጥያቄ 30ው ሲሟላ የሚገኘው ነጥብ ነው። እስቲ ቼክሊስቱን አውጪና ስለ መጠይቁ የሚጠይቀውን መስመር ፈልጊ። «የድብርት መጠይቅ ተሞልቷል ወይ?» የሚል ከሆነ፣ መልሱ «አዎ» ነውና ካርዱ ነጥብ አግኝቶበታል። አየሽ፣ ያ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ያለው 2 የካርዱን ነጥብ ከፍ አድርጎታል ማለት ነው። ሴትየዋ «ብሞት ይሻለኛል» ብላ የጻፈችበት ወረቀት በጥራት መለኪያችሁ ላይ እንደ ጥሩ ሥራ ተቆጥሯል። እንቅልፍ የነሳሽ ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ ቢነሳሽም አይፈረድብሽም።

እኔም ይህን የተማርኩት በመጥፎ ሌሊት ነው። ወጣት ነርስ ሳለሁ በአንድ የሳይካትሪ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሃያዎቹን ያልጨረሰ ልጅ በጣም ተረብሾ፣ ሁለት ሰው ይዞት መጣ። ካርዱ እንደ ጡብ የወፈረ ነበር። ቆሜ አገላበጥኩት። በየገጹ «ሁኔታው ተመሳሳይ ነው፤ ሕክምናው ይቀጥል» ይላል። ተረኛው ሐኪም ሃሎፔሪዶል አዘዘ፤ እኔ ወጋሁት። ትንሽ ቆይቶ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጠመዘዘ፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ተሰቅለው ቀሩ፣ ምላሱ አልታዘዝ አለው። በዚህ መድኃኒት ላይ የሚታወቅ፣ በተለይ ወጣት ወንዶችን የሚይዝ የጡንቻ መኮማተር ነው። ማርከሻው ተሰጥቶት በደቂቃዎች ውስጥ ተፈታ። እስኪፈታ ድረስ ግን ልጁ በፍርሃት ሲያየኝ ነበር። በር ላይ የቆመችው እናቱ «ባለፈውም በዚሁ መርፌ እንዲህ ሆኖብን ነበር፤ ነግረናችሁ ነበር እኮ» አለችኝ። ጠዋት ካርዱን ገጽ በገጽ አነበብኩት። እውነቷን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በአንድ ረጅም ማስታወሻ መሀል፣ ግማሽ መስመር ተጽፎ ነበር። የመድኃኒት ጉዳት በሚመዘገብበት የፊት ገጽ ላይ ግን ባዶ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ካርድ ስገመግም በልቤ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ሰው በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ተረኛ፣ በሌሊት፣ ይህን ካርድ ብቻ ይዞ ሊረዳው ይችላል? 32ቱንም ጥያቄ በዚህ ዓይን አንብቢያቸው። አንዳንዱ ወዲያው ክብደቱን ያጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ብቻውን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፦ አማካይ ነጥቡን አትመኚው። የቤተሰብ ስልክ በትክክለኛው ሳጥን ውስጥ አለመጻፉና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሳይጠየቅ መታለፉ እኩል አንድ አንድ ነጥብ የሚቀንሱ ከሆነ መለኪያው ተበላሽቷል። ጥቂት ጥያቄዎችን ለይታችሁ አውጡ። የአደጋ ምልክት ሲታይ ተጠይቋል፣ የሆነ ነገርስ ተደርጓል? አሁን የሚወስደው መድኃኒት ከነመጠኑ ይታወቃል? የጎዳው መድኃኒት ፊት ለፊት ተጽፏል? ቢብስበት ማን ይጠራል? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ካርዱ ሌላው ሁሉ ቢያምር አላለፈም።

ሁለተኛ፣ ካርዱን እየቆረጥሽ ሳይሆን እንደ ታሪክ ከመጀመሪያው አንብቢው። ሰውየው ምን ብሎ መጣ? ምን ተገኘበት? ምን ተባለ? ምን ሊደረግለት ታሰበ? በየቀጠሮው የተጻፈው ስለዚያ ዕቅድ ይናገራል ወይስ ስለ ሌላ ነገር? ክሩ የት ጋ ነው የሚበጠሰው? አልተኛም ብሎ የመጣ ሰው ስድስት ወር ሙሉ ስለ እንቅልፉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠየቅ የቀረበት ካርድ አንብቤያለሁ። ምርመራው አለ፣ ዕቅዱ አለ፣ ፊርማው አለ። ሁሉም ለየብቻው ትክክል ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ግን አይነጋገርም።

ማስታወሻ በአራት ክፍል መጻፍን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል፦ ታካሚው ያለው፣ እኔ ያየሁትና የለካሁት፣ የኔ ግምገማ፣ ቀጥሎ የማደርገው። ይህ አጻጻፍ የመጣው ላሪ ዊድ ከሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሕክምና መዝገብ በታካሚው ችግር ዙሪያ ይደራጅ፣ የሐኪሙን አስተሳሰብም ያሳይ ብሎ ተከራከረ። ስትገመግሚ ሦስተኛውን ክፍል ትኩር ብለሽ እዪው። ባለሙያው የሚያስበው እዚያ ጋ ነው፤ ባዶ ሆኖ ወይም ምርመራው ተደግሞበት የሚገኘውም እሱ ነው። «ድብርት» ብሎ መድገም ግምገማ አይባልም። «ከባለፈው ሳምንት ይልቅ ታወራለች፤ ግን ከቤት መውጣት አቁማለች፤ መሻሻሉን ገና አላምነውም» ማለት ግምገማ ነው።

በኛ ሙያ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የተሰበረ አጥንት በራጅ ይታያል። ድብርትን፣ ፍርሃትን፣ የሌለ ድምፅ መስማትን የሚያሳየን ራጅ የለም። ያለን የሰውየው ቃልና የባለሙያው ዓይን ነው፤ ካልተጻፉ ጠፉ። «ታካሚው የሌለ ድምፅ ይሰማል» የሚለው ማስታወሻ ምንም አይጠቅመኝም። «‹ጎረቤቶቼ በግድግዳው በኩል ስሜን ይጠራሉ፤ ሲመሽ ይብሳል› ብሏል። ራሱን ወይም ሌላ ሰው እንዲጎዳ ያዙት እንደሆነ ተጠይቆ ‹አያዙኝም፣ ይሰድቡኛል እንጂ› ብሏል» የሚለው ግን በሚቀጥለው ወር ከሰውየው ጋር ሳወራ ከየት እንደምጀምር ይነግረኛል። የጨመረው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው።

መድኃኒት ላይም እንደዚሁ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን፣ የኩላሊቱና የታይሮይዱ ሥራ በየጊዜው መታየት አለበት፤ ደሙም የሚወሰደው የመጨረሻውን መጠን ከዋጠ ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ሊወርድ ስለሚችል በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቶሎ ቶሎ ይመረመራል። ገምጋሚ ውጤቱ ካርዱ ውስጥ መኖሩን ካየ በኋላ እዚያ ማቆም የለበትም። ውጤቱን ያየው ማነው? ምን አደረገበት? የሊቲየም መጠኑ ከሚገባው በላይ የወጣበት ወረቀት በሥርዓት ተያይዞ፣ በማግስቱ ማስታወሻ ላይ «ሕክምናው ይቀጥል» ተብሎ ካየሽ፣ እሱን በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አድርጊው።

የራስ ደህንነት ዕቅድ የሚባለውንም፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲመጣ ታካሚው ምን እንደሚያደርግ የሚጻፍበትን፣ ገልጠሽ እዪው። ስታንሊና ብራውን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያዘጋጁት፣ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዕቅድ ስድስት ደረጃ አለው፤ ከማስጠንቀቂያ ምልክቶች ጀምሮ አካባቢን ከአደገኛ ነገር እስከማጽዳት። ዋናው ነገሩ በታካሚው ቃል መጻፉ ነው። ዐሥር ሰዎች ሁሉ «ሲከፋኝ መጽሐፍ አነባለሁ» ብለው ካገኘሻቸው፣ መጽሐፍ አንባቢው ቅጹን የሞላው ባለሙያ ነው።

ስለ ቃላት ትንሽ ልበል፤ ይህን በቸልታ ማለፍ አልችልም። «አስቸጋሪ»፣ «እምቢተኛ»፣ «ትኩረት ፈላጊ» የሚሉ ቃላት ካርድ ላይ ከተጻፉ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ይከተሉታል። ቀጣዩ ባለሙያ ገና በር ሳይከፍት ፈርዶበታል። «መድኃኒቱን አልወስድም አለ» ብሎ ከማቆም «ጠዋት ለሥራ መነሳት ስላቃተው መድኃኒቱን አቁሟል» ብሎ መጻፍ ችግሩን ወደ መፍትሔ ያስጠጋዋል፤ ሰዓቱን ወይም መጠኑን መቀየር ይቻላልና። ደግሞም ታካሚዎች የራሳቸውን መዝገብ የሚያነቡበት ጊዜ መጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 ጀምሮ ታካሚው የተጻፈለትን ማስታወሻ ሳይዘገይ ማየት እንዲችል ሕግ ያስገድዳል። በሌላ በኩል ከሚገባው በላይ መጻፍም ጥፋት ነው። የቡድን ሕክምና ላይ የተቀመጠ የሌላ ታካሚ ስም፣ ለሕክምናው የማያስፈልግ የቤተሰብ ምስጢር፣ እነዚህን ስታገኚም መዝግቢ። እናንተም ገምጋሚዎች የሰው ገመና እያነበባችሁ ነው። ካርድ ወደ ቤት አይሄድም፤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም አይላክም።

60ዎቹን ካርዶች ማን መረጣቸው? ይህን አልጻፍሽልኝም። እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ምርጥ ካርድ አምጥቶ ከሆነ የምትገመግሙት የበዓል ልብስ ነው። ከመዝገቡ ላይ በቁጥር እየዘለላችሁ በዕጣ አውጡ። ከዚያ ለብቻ፦ በድንገተኛ የገቡትን፣ ቅሬታ ያቀረቡትን፣ ወደ ሌላ ቦታ የተላኩትን፣ በሞት የተለዩትን፣ ቀጠሮ አቋርጠው የጠፉትን ጨምሩ። የጠፉት ሰዎች ካርድ የመጨረሻ ገጽ ብዙ ይናገራል። «ሦስት ቀጠሮ አልመጣችም፤ ፋይሉ ተዘግቷል።» ማን ደወለላት? የመጨረሻው ቀን ምን ብላ ነበር?

ሌላው፣ ሦስታችሁ መጀመሪያ አምስት ተመሳሳይ ካርድ ሳትነጋገሩ ለየብቻ ገምግሙ። አንቺ 94 የሰጠሽውን ሌላዋ 70 ከሰጠችው ጥያቄዎቹ ግልጽ አይደሉም ማለት ነው፤ እነሱን ሳታስተካክሉ ወደ ቀሪው አትሂዱ። የራሱን ካርድ ደግሞ ማንም አይገምግም።

አሁን ከባዱ። ኃላፊሽ «የጎደለውን አስሞሉት» ብለዋል። እህቴ፣ እዚህ ላይ ጽኚ። በዛሬ ብዕር የባለፈው ወር ቀን አይጻፍም። ያለፈን ነገር ዘግይቶ መጻፍ የሚፈቀድበት መንገድ አለ፤ የዛሬው ቀንና ሰዓት ይቀመጣል፣ «ዘግይቶ የተጻፈ» ይባላል፣ ስለ የትኛው ቀን ቀጠሮ እንደሆነና ከምን እንደተገኘ ይገለጻል፣ ያየው ባለሙያ ራሱ ይፈርማል። ስህተትም ሲታረም በላዩ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ የበፊቱ እንደተነበበ ይቀራል፣ ቀንና ፊርማ ይደረጋል። ከዚህ ውጪ ያለው ሐሰተኛ ሰነድ ነው። በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ሥርዓቱ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ ብዙ ጊዜ ይይዛል። ግን እኔ ከቅጣቱ ይልቅ የምፈራው ሌላ ነገር አለ። «ራሷን የመጉዳት ሐሳብ የላትም» ብሎ ማንም ሳይጠይቃት የሞላ ሰው፣ ለነገው ተረኛ «ተጠይቃለች፣ ደህና ናት» እያለው ነው። ተረኛውም አምኖ አይጠይቃትም። ባዶ ቦታ ቢያንስ «ጠይቁ» ይላል።

ለኃላፊሽ በአክብሮት፣ ግን በግልጽ እንዲህ በያቸው፦ «ቀኑን ወደ ኋላ አድርገን ከሞላን ትንሹን ጥፋት ትልቅ እናደርገዋለን። ክፍተቱን ራሳችን ያገኘነው መሆኑን፣ ማስተካከልም መጀመራችንን ለተቆጣጣሪዎቹ እናሳያቸው። ዕቅዱን ዛሬ ማታ ጽፌ ላምጣልዎት።» ብዙ ኃላፊዎች ይህን የሚሉት ከክፋት ሳይሆን ከድንጋጤ ነው፤ የሚይዙት ነገር ስትሰጪያቸው ይረጋጋሉ። ካልተመለሱ ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ ቀጥሎ ከእሳቸው በላይ ወዳለው ወይም ወደ ሙያ ተቆጣጣሪው አካል ሂጂ። ይህ እርምጃ ዋጋ ሊያስከፍልሽ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቀላል ነው ብዬ አልሸነግልሽም።

ስለ ባልደረባሽ። ሪፖርቱ ከመጻፉ በፊት ብቻውን አግኚው፤ ካርዱን ይዘሽ። «ኮፒ አድርገሃል» ብለሽ አትጀምሪ። ከታካሚዋ ጀምሪ፦ «ወንድሜ፣ ይቺ ታካሚ ዘጠነኛው ላይ 2 ሞልታለች፤ ካርዱ ላይ ግን ምንም አላገኘሁም። ምን ሆና ነበር?» ብለሽ ዝም በይ። ይመልስልሽ። 11 ሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር የሚገለብጥ ሰው ብዙ ጊዜ የደከመ ሰው ነው። በቀን ስንት ሰው ያያል? ማስታወሻ የሚጽፈው መቼ ነው፣ በምሳ ሰዓት ነው ወይስ ማታ ቤቱ? ለመጻፊያ አንድም ደቂቃ ያልተመደበለት ከሆነ እሱም የግምገማችሁ ግኝት ነው፤ በድርጅቱ ስም ይጻፍ። ይሄ ግን ዘጠነኛውን ጥያቄ አያስረሳም፤ ያንንም ንገሪው። ግኝቱን እንደምትጽፊ ከአንቺ አፍ ይስማ። አንቺ አትሙይለት፣ አትሸፍኚለትም። እሱን ራሱን ታካሚዋን እንዲያገኛት፣ የዛሬውን በዛሬ ቀን እንዲጽፍ አግዢው። በሪፖርቱ ላይ ካርዶች በቁጥር እንጂ በባለሙያ ስም እንዳይቀርቡ ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን ለብቻው አረጋግጪ። ማስታወሻዎቹን ከቀጠሮ መዝገቡ ጋር አስተያያቸው። ታካሚዋ በእነዚያ 11 ሳምንታት በእርግጥ መጥታለች? መጥታ ከሆነ ያገኘሽው የጽሑፍ ጉድለት ነው። ሳትመጣ እንደመጣች ተጽፎላት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ በሁለታችሁ መካከል የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፣ በቀጥታ ወደ በላይ ይሄዳል።

ሳባቂ የሚባለው የሰውን ጥፋት ከኋላው ሄዶ ለሚጎዳው የሚያወራ ነው። አንቺ ፊቱ ቆመሽ ነግረሽው፣ ተመድበሽ የምትሠሪውን ሥራ ነው የምትሠሪው።

ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ጥያቄ፣ በዚያው አወጣጥ ሌላ ካርድ አውጡና ድገሙት፤ ቀኑን ከአሁኑ ሪፖርት ላይ አስቀምጡት። የአምስቱን ካርድ ንጽጽር ስትጨርሱ የተስተካከሉትን ጥያቄዎች ላኪልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን። የታካሚ ስምም ሆነ የካርድ ቁጥር ያለበት ነገር ግን እንዳትልኪ። በደብዳቤሽ ውስጥ የነበሩትን መለያዎችም እዚህ ከመታተሙ በፊት አውጥቻቸዋለሁ።